ጉማሬን በረኛ ያደረገው ከርከሮ

ጠጋ ጠጋ በሉና ጆሯችሁን ስጡኝ። አውሬውም የቤት እንስሳውም በአንድ ቋንቋ በሚግባባበት፣ ኳስ እንኳ አፍ አውጥታ በምታወራበት በዚያ በሩቅ ዘመን፣ ከአንድ ምንጭ ግራና ቀኝ ሁለት ሜዳዎች ነበሩ። አንዱ ላይ ሜዳ፣ ሌላው ታች ሜዳ ይባላል። ምንጩ አንድ ነው፤ ጠጪው ግን ብዙ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ የሁለቱ ሜዳ እንስሳት ኳስ ይጋጠማሉ። ያሸነፈው በጋውን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ጥሩውን ውሃ ይጠጣል። የተሸነፈው ከሰዓት በኋላ ድፍርሱን ይጠጣል።

ላይ ሜዳዎች ስድስት ዓመት ድፍርስ ጠጡ። በሰባተኛው ዓመት አሠልጣኛቸው አያ ከርከሮ ቡድኑን አጠናከረ። የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፉ፤ ሁለተኛውን ተሸነፉ፤ ሦስተኛው መለያ ሆነ።

የመለያው ዳኛ ቀጭኔ ነበር፤ ሁሉን ከላይ ያያልና። ጨዋታው እንደተጀመረ የላይ ሜዳዋ ሚዳቋ ሁለት ተከላካይ አልፋ ጎል አገባች። ደጋፊው አበደ። እመት ፍየል ከደስታዋ ብዛት አጠገቧ የቆመውን አቀፈች፤ አጠገቧ የቆመው አያ ጅቦ ነበር። እሱም አቀፋት። ማን ማንን እንዳቀፈ ያወቁት ትንሽ ቆይተው ነው። ቀስ ብለው ተላቀቁና ራቅ ራቅ ብለው ቆሙ።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አያ ከርከሮ ተነሳ።

«ቅያሪ» አለ።

«ማን ይውጣ?» አለ ቀጭኔ።

«ሚዳቋ ትውጣ።»

«ማን ይግባ?»

«ኤሊ ይግባ።»

ደጋፊው እርስ በርሱ ተያየ። «ኤሊ ነው ያለው ወይስ ጆሮዬ ነው?» አለ ቁራ። ኤሊ ገባ፤ ጉዞውንም ወደ መሃል ሜዳ ጀመረ።

ጥቂት ቆይቶ ከርከሮ እንደገና ተነሳ።

«ቅያሪ» አለ።

«ማን ይውጣ?»

«በረኛዋ ጦጢት ትውጣ።»

«ማን ይግባ?»

«ጉማሬ ይግባ።»

እመት ጦጢት ወደ ከርከሮ መጣችና «ምን አጠፋሁ?» አለችው።

«ምንም። ጉማሬ ሰፊ ነው፤ በሩን ይሞላዋል።»

ጦጢት ዛፍ ላይ ወጥታ ለሜዳው ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች።

እውነትም ጉማሬ በሩን ሞላው። ነገር ግን ምሳውን ጠገብ አድርጎ በልቶ ነበርና አዛጋ። አፉን በከፈተበት ቅጽበት የታች ሜዳው ሰጎን መታ፤ ኳሷ አፉ ውስጥ ገባች። ጉማሬ ደንግጦ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደና የጎሉን መስመር አለፈ።

ቀጭኔ አንገቱን ዝቅ አድርጎ «ኳሷ የት አለች?» አለ።

«እዚህ ነኝ፤ ጨለማ ነው» አለች ኳሷ ከጉማሬው አፍ ውስጥ።

«እንግዲያው ጎል ነው» አለና ፊሽካውን ነፋ።

ጨዋታው እኩል ለእኩል ስላለቀ ለየቡድኑ አንድ አንድ ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠ። ሰጎን መታ፤ አገባ። አሁን ላይ ሜዳዎች ካላገቡ አለቀላቸው። ከርከሮ ተጫዋቾቹን ሰብስቦ አነጋገረ፤ ወደ ደጋፊዎቹም ሄዶ ተንሾካሾከ፤ በመጨረሻ ጃርትን ጠራ።

ጃርት በዕድሜው ኳስ መትቶ አያውቅም። ተንደረደረ፤ አዳለጠው፤ ኳሷ ላይ ተንከባለለ። ሲነሳ ኳሷ የለችም። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ።

«ኳሷን ያየ አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«ጀርባህ ላይ ነኝ» አለች ኳሷ። «እባክህ ቀስ ብለህ ንቀለኝ።»

ላይ ሜዳዎች በዚህ ዓይነት ተሸነፉ።

ደጋፊው ከርከሮን እየሰደበ እስከ ቤቱ ሸኘው። ከርከሮ ደግሞ ጉድጓዱ የሚገባው በኋላው ነው። ስለዚህ ስድቡን ሁሉ ፊት ለፊት እያየ፣ እያንዳንዱን እየሰማ፣ ቀስ ብሎ ገባ። ሦስት ቀን አልወጣም።

በመጀመሪያው ቀን ቁራ ጉድጓዱ አፍ ላይ መጥቶ ቆመ። «እኔ ብሆን ዝሆንን አስገባ ነበር» አለ።

«ዝሆን የታች ሜዳ ተጫዋች ነው» አለ ከርከሮ ከውስጥ።

«ቢሆንም» አለ ቁራና ሄደ።

በሁለተኛው ቀን አያ ጅቦ መጣ። «እኔ ብሆን አሥራ አንዱንም አጥቂ አደርግ ነበር» አለ።

«በሩንስ ማን ይጠብቃል?»

«ኳሷ እኛ ጋ ካለች ምን በር ያስጠብቃል?» አለና ሄደ።

በሦስተኛው ቀን እመት ፍየል መጣች። እሷ ስለ ጨዋታው ምንም አላለችም። «ልጆችህ በአንተ ያፍራሉ» ብላው ሄደች።

በአራተኛው ቀን የላይ ሜዳው ሽማግሌ አባ ጎሽ ሁሉንም ዋርካ ሥር ሰበሰቡ። ከርከሮ ከጉድጓዱ ወጥቶ መሃል ቆመ።

«ሦስት ነገር ትጠየቃለህ» አሉት አባ ጎሽ። «ሚዳቋን ለምን አስወጣህ?»

ከርከሮ መሬት መሬቱን እያየ «አስወጣኋት፤ በቃ» አለ።

«በቃ ማለት መልስ አይደለም» ብሎ ቁራ ጮኸ። ሁሉም ተከትሎ ጮኸ።

በዚህ መሃል ኳሷ ከተቀመጠችበት ተንከባላ ወደ ፊት መጣች። ጃርት የወጋት ቦታ ሁሉ ተጣጥፎ ተሰፍቷል። «ሁላችሁም ትመቱኛላችሁ፤ የሚጠይቀኝ ግን የለም» አለች። «የእያንዳንዳችሁን እግር አውቃለሁ። ሚዳቋ ጎል ካገባች በኋላ የነካችኝ እግር የደህና እግር አልነበረም።»

ሚዳቋ ከኋላ እያነከሰች መጣች። እግሯ አብጦ ሌላ እግር መስሏል።

«ጎል ሳገባ ነው እግሬ የዞረብኝ» አለች። «ተቀያሪም ከኤሊና ከጉማሬ በቀር አልነበረንም። ፈርታ ወጣች እንዳትሉኝ ብዬ ለማንም እንዳይናገር አስማልኩት። ሲሰድቡት እየሰማሁ ዝም አልኩ። በኔ ምክንያት ነው።»

እመት ፍየል አንገቷን ደፋች።

«ጦጢትንስ አስወጥተህ ጉማሬን ለምን አስገባህ?» አሉ አባ ጎሽ። ሁሉም እዚህም የተሸሸገ ነገር እንዳለ አስቦ ጠበቀ።

«እሱ የኔ ስህተት ነው» አለ ከርከሮ። «ስፋቱን እንጂ ማዛጋቱን አላሰብኩም። ጦጢት፣ በድዬሻለሁ። ለዚህ ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ጦጢት ከነበረችበት ቅርንጫፍ ዞር ብላ አየችው። ከጨዋታው ወዲህ ፊቷን ስታዞር የመጀመሪያዋ ነው።

«ጃርትንስ?»

«ተጫዋቾቹን ‹ኳሷን ማን ይመታል?› ስላቸው ሁሉም እግራቸውን ማሸት ጀመሩ። ያኔ ደጋፊም ገብቶ መምታት ይችላልና ወደ ደጋፊው ሄድኩ። አያ ጅቦ፣ አንተን ጠይቄሃለሁ። ምን አልከኝ?»

ጅቦ ጉሮሮውን ጠረገ። «አነክሳለሁ አልኩህ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ… ደግመህ እንዳትጠይቀኝ ብዬ ሮጥኩ።»

«ቁራስ?»

«እኔ ስለ አየሩ ላጣራ ከፍ ብዬ ነበር» አለ ቁራ።

«እሺ ያለኝ ጃርት ብቻ ነው» አለ ከርከሮ። «እንደማይችል ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ግን እሺ አለኝ።»

ጃርት ኋላ ተደብቆ ሲያለቅስ ነበር። አባ ጎሽ ጠሩትና አጠገባቸው አስቀመጡት፤ ለእሾሁ ሲሉ ትንሽ ራቅ አድርገው።

«እንግዲህ ሰምታችኋል» አሉ። «ከርከሮ ይነሳ ካላችሁ ይነሳል። ሥራውን የሚረከብ እጁን ያውጣ።»

ቁራ ጎጆው ትዝ አለው። ጅቦ ማሳል ጀመረ። ፍየል ሣሩን ትመረምር ገባች። ማንም እጁን አላወጣም።

«እኔ እቀጥላለሁ» አለ ከርከሮ፤ «አንድ ነገር ግን ልለምን። ጦጢት አጠገቤ ትቁም። የማይሆን ነገር ሳስብ ጆሮዬን ትጎትተኝ።»

ጦጢት ወዲያው ከዛፉ ወረደችና አጠገቡ ቆመች። «ከዛሬ ልጀምር?» አለች፤ መልሱን ሳትጠብቅም አንዴ ጎተተችው። ያን ጊዜ ላይ ሜዳዎች ከመሸነፋቸው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

እመት ፍየል ግን አልሳቀችም። ሁሉም ሲበተን ቀርታ «ስለ ልጆችህ የተናገርኩትን…» ብላ ጀመረች፤ መጨረስ አቃታት። ከርከሮም «ሰምቼሻለሁ» አላት። አብረው ወደ ምንጩ ወረዱና የተሸናፊዎቹን ውሃ ጎን ለጎን ጠጡ።

በሚቀጥለው ዓመት አሸነፉ ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። አላሸነፉም፤ በአንድ ጎል ተበለጡ። ከርከሮ ላይ ጮኹበት ወይ? ጮኹ እንጂ፣ ደጋፊ አይደሉ? ግን መጀመሪያ ዙሪያውን ተቀምጠው «ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁት፤ እስኪጨርስ ሰሙት፤ ከዚያ ጮኹ።

ስለዚህ እናንተም ከዳር ቆማችሁ ያያችሁት ሁሉ ያወቃችሁት አይምሰላችሁ፤ ልትፈርዱ ስትነሱ ጥያቄያችሁ ከስድባችሁ ይቅደም። እኔ የሰማሁትን አወራሁ፤ እናንተ ደግሞ ላልሰማ አውሩት።