ዘውድ የበቀለለት ዝግባ

ጆሮ ስጡኝ፤ ተረቴ አጭር ነው።

በድሮ ዘመን በአንድ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ትልቅ ዝግባ ነበር። ሕጉ አንድ ነበር፤ «ከእኔ በላይ ማንም አይብቀል።»

አንድ ክረምት ነፋስ መጣና ገነደሰው። ሲነጋ ጉሬዛ፣ ጃርትና ከርከሮ ግንዱን ከበቡ። በዚያ አገር ጌታን «ወደቁ» ማለት ነውር ነው። «ሞቱ» ማለትማ አይታሰብም።

ጉሬዛ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ጌታችን ጋደም ብለዋል» አለ።

«ወገቤን ላሳርፍ ብዬ ነው» አለ ዝግባው። «ሕጉ ግን እንዳለ ነው።»

ከጎኑ አንድ የብሳና ችግኝ ነበር። ትናንት አጭር ነበር፤ ዛሬ ከተጋደመው ጌታ በለጠ።

«ጎንበስ በል!» አለው ጃርት።

«ጎንበስ ካልኩ ፀሐይ አላገኝም። ፀሐይ ካላገኘሁ እሞታለሁ።»

«ጌታችን ተጋድመው አንተ ልትቆም? አሳዳጊ የበደለህ!»

«አሳዳጊ የለኝም። ነፋስ ነው እዚህ ጥሎኝ የሄደ።»

ከርከሮ በአፍንጫው ደፈቀው። ችግኙ አጎነበሰ። ቅጠሉ ይገረጣ ጀመር።

ዝናቡ ሲደጋገም በግንዱ ራስ ላይ እንጉዳይ ወጣ። እንደ ጃንጥላ የተዘረጋው ዓይነት አይደለም። ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ የደረበ፣ ጫፉ እንደ አጋዘን ቀንድ የተከፈለ፣ ወርቅማ ነው።

«ዘውድ! ለጌታችን ዘውድ በቀለላቸው!» ብሎ ጉሬዛ ዘለለ። ጫካው እልል አለ።

«ዘውድ አይደለሁም፤ እንጉዳይ ነኝ» አለ እንጉዳዩ።

«ትሕትናውን እዩልኝ!» አለ ጃርት።

«የምበቅለው በሞተ እንጨት ላይ ነው።»

«አዲስ ተሿሚ ሲደነግጥ እንዲህ ይቀባጥራል» አለ ከርከሮ።

በመጨረሻ ዝግባው ራሱ ጠየቀ። «አንተ ዘውዴ፣ ከየት መጣህ?»

«ከውስጥዎ ነው፣ ጌታዬ። ውስጥዎ በስብሷል። እየበላሁዎት ነው።»

ዝግባው ግን ሳቀ። «ሰማችሁ? የሌላው ዘውድ ከውጭ ይመጣለታል፤ የእኔ ከውስጤ ወጣ!»

እልልታው እንደገና ቀለጠ።

ሲበተኑ ችግኙ አንገቱን ሳያነሳ እንጉዳዩን፣ «ያልከው እውነት ነው?» አለው።

«በቁሙ ባለ ዝግባ ላይ አይተኸኝ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ለማን ነው የምታጎነብሰው?»

ችግኙ አሰበ። «ቀና ካልኩ ያዩኛል።»

«አያዩህም። እኔን ሲያዩ ነው የሚውሉት።»

እነሱ ዘውዱን ሲያወድሱ፣ ችግኙ ጣት በጣት ቀና አለ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። እንጉዳዩም ሥራውን ቀጠለ።

ከብዙ ክረምት በኋላ አንድ ማለዳ ከርከሮ እጅ ሊነሳ ቀርቦ ግንዱን በአፍንጫው ነካ። ጌታው ዱቄት ሆነ። ዘውዱም አብሮ ተናደ።

ሦስቱም ግራ ገባቸው። ቀና ሲሉ ብሳናውን አዩ። ወገቡ ላይ ጎባጣ ነው፤ ራሱ ግን ፀሐይ ውስጥ ነው።

«ጌታችን!» አለ ጉሬዛ። «እኛ እኮ ድሮም ለእርስዎ ልዩ ፍቅር ነበረን።»

«ራሴን እዩልኝ» አለ ብሳናው። «ዘውድ በቅሎበታል?»

ጉሬዛ ወጥቶ፣ ሁለቱ ከታች ዞረው አዩ። «ገና ነው፣ ጌታችን» አሉ አዝነው።

«እንግዲያው በሕይወት አለሁ። ሂዱ።»

ተረቴ እዚህ ያበቃል፤ እናንተ ግን ይህን ያዙ፦ ዘውዱን ያየ ያጎነብሳል፤ የበቀለበትን ያየ ቀና ይላል።