የይማም ሞተርና የአቶ ንጋቱ ጋቢ

ከደብረ ሲና ሽቅብ ባለው መንደር፣ የሌላ አገር ዘዴ ይዞ ሊያስተምር የመጣ ሰው ሲገጥማቸው ሽማግሌዎቹ አንዲት አባባል ጣል ያደርጋሉ። ስለ ሰው የተባለች ትመስላለች። የተባለችው ግን ስለ ሞተር ሳይክል ነው።

አንዳርጌ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበር። ከብቶቹ ሳይቀሩ በሞተሩ ድምፅ ያውቁታል፤ ሲሰሙት ይበተናሉ። ሞተሩ አሮጌ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር ነው። ዱብ… ዱብ… ይላል፤ አንዱን ምት መትቶ ስለ ሁለተኛው ሽማግሌ የሚሰበስብ ይመስላል። መካኒኩ ጋሽ ወልደየስ በአንድ ጆሯቸው አይሰሙም፤ በሌላው ግን ያን ሞተር ለደጋው አየር እንደ ክራር ቃኝተውታል። ሞተሩ ዳገት ላይ ቆሞ አያውቅም። አንዳርጌ ግን ያፍርበት ነበር፤ በተለይ ስንዱን ካየ በኋላ።

የስንዱ አባት አቶ መንበሩ ሽማግሌ ሁለቴ ተልኮባቸው ሁለቴም «እንመካከር» ብለው መለሱ። በመጨረሻ «ቅዳሜ ኑ፤ ከስድስት ሰዓት በፊት ግን። ከሰዓት በኋላ የሌላ ሰው ሽማግሌ ይመጣል» አሉ። ስለዚህ አንዳርጌ ዋናውን ተናጋሪ፣ አጎቱን አቶ ንጋቱን ሊያመጣ ዓርብ ዕለት ወደ ቆላ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረደ።

እዚያ የሽንኩርት ነጋዴውን ይማምን አገኘ። ይማምም ሞተር አለው፤ ስሙም ቀለሙም ዘመኑም ከአንዳርጌ ሞተር ጋር አንድ። ልዩነቱ ሆዱ ውስጥ ነው። የአንዳርጌው ሲሊንደር ጠባብና ረጅም፣ የይማም ሰፊና አጭር። ይማም ሲያስነሳው ተርተርተርተር አለ፣ ገብስ እንደ ጠገበ በቅሎ። የአንዳርጌ ልብ አብሮት ሄደ።

«ይማሜ፣ በዚህ ለውጠኝ።»

ይማም አሮጌውን ሞተር ዞሮ ዞሮ አየው። «ዳገት ይወጣል?»

«መውጣቱንስ ይወጣል፤ ሲወጣ ግን ቀብር የሚሸኝ ነው የሚመስለው።»

«ሽንኩርት መች ይቸኩላል» አለ ይማም፤ እሺ ሊል አፉን ከፈተ። አንዳርጌ ግን ቅር ያለው መስሎት የቆዳ ጃኬቱን አውልቆ ጨመረለት።

«ወላሂ፣ እዚህ ሙቀት ውስጥ ጃኬት ምን ያደርግልኛል?»

«ያዘው፤ እንዳይቆጭህ።»

ይማም እንዳይቆጨው ያዘው።

ቅዳሜ በማለዳ አቶ ንጋቱ አዲስ ጋቢ ለብሰው ከኋላ ተቀመጡ። ሜዳው ላይ በረሩ። ባርኔጣቸው ሄደ። «ተወው፤ ልጅ ከተሰጠን ባርኔጣ አይጠፋም» አሉ።

ዳገቱ ጀመረ። ሞተሩ መጀመሪያ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀጥሎ ሳለ። ከዚያ ጥቁር ጭስ ተፋና ቆመ። አንዳርጌ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ሲፈታው እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። የሚጠርግበት አጣ።

«ጋሼ፣ የጋቢዎትን ጫፍ…»

«ጫፉን ብቻ።»

ተጠርጎ ተነሣ፤ ትንሽ ሄዶ ደግሞ ቆመ። ጋቢ ጫፉ አራት ነው። አራቱም አለቁና ወደ መሀሉ ተገባ። ደብረ ሲናን አልፈው አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁለቱም ከኋላ ሆነው እየገፉ ነበር። የአቶ መንበሩ ቆርቆሮ ከላይ ይታያል፤ መታየቱ ነው እንጂ አልቀረበም።

ይኼኔ ከታች ዱብ… ዱብ… የሚል ተሰማ። ይማም ነው፤ ለቅዳሜ ገበያ ሁለት ጆንያ ሽንኩርት ጭኖ፣ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ።

«ደጋው ይበርዳል ለካ» አለ።

አቶ ንጋቱ ጆንያው ላይ ወጡ። ከላይ ሆነው የእህታቸውን ልጅ አዩትና «አንተ ግፋ» አሉት።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ደረሱ። ሁለተኛው ሽማግሌ ጋሽ ወልደየስ ቀድመው ገብተዋል። አቶ መንበሩ የእንግዳውን የጠቆረ ጋቢ ሲያዩ ብድግ አሉ።

«ነፍስ ይማር። ማን ሞቶ ነው?»

«ሰው ደህና ነው። ሞተር ነው» አሉ አቶ ንጋቱ፤ ሽማግሌ አይዋሽምና ነገሩን አንድ በአንድ ተናገሩ።

የአቶ መንበሩ ፊት ከበደ። «እንግዲህ ዳገቱን የለመደለትን ሞተር፣ አንድ ቀን ቆላ ወርዶ ‹ይኼኛው ይጮኻል› ብሎ የለወጠ ሰው፣ ነገ ልጄንስ?»

በአንደበታቸው የታወቁት አቶ ንጋቱ የጠቆረ ጋቢያቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ጋሽ ወልደየስ የሚሰማውን ጆሯቸውን ወደ አባት አዙረው «ሞተሩን ካስመለሰስ?» አሉ።

«ያስመልስና እንነጋገር። እነዚያ ሳይመጡ ግን።»

አንዳርጌ ላቡን እያንጠባጠበ ደጅ ሲደርስ ይህን ነገሩት። ሽንኩርቱን ገበያ አራግፎ በዚያው የተመለሰውን ይማምን ለመነው። ይማም ወደ መንገዱ አየ። ሽንኩርቱ ዳገቱን ወጥቷል፤ ከዚህ ወዲያ ቁልቁለት ነው።

«ሞተሩን ውሰድ» አለ። «ጃኬቱን ግን እንዳይቆጨኝ ብለህ ነው የሰጠኸኝ። አሁን ብመልሰው ይቆጨኛል።»

አንዳርጌ አሮጌ ሞተሩን አስነሣው። ዱብ… ዱብ… ሲል የአቶ መንበሩ ላሞች ከበረት ፈርጥጠው ወጡ። ሙሽራ ሽማግሌ ያለበት አይገባምና ያለ ጃኬት ደጅ ቆሞ በብርድ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«አባባ» አለች ስንዱ ከጓዳ። «ጃኬቱን እንኳ አልመለሱለትም። በርዶታል፤ ይግባ።»

ይህ የስንዱ እሺታ ተብሎ ተያዘ። የሌላው ሰው ሽማግሌዎች ሲመጡ ምርቃቱ ላይ ደረሱ።

ይማም ሲሄድ ሊሸኙት ሁሉም ወጡ። አቶ መንበሩ ያን የሚያስለውን ሞተር እያዩ «ምኑ ተበላሽቶ ነው?» ብለው ጠየቁ። ይማም ሳያስነሣ ቁልቁለቱን ተንደረደረ። ሞተሩ አንዴ ሳለ፣ ሁለቴ ሳለ፤ ከብዙ መታጠፊያ በኋላ ከሩቅ ተርተርተርተር እያለ ሲዘፍን ተሰማ።

ጋሽ ወልደየስ የሚሰማውን ጆሯቸውን ወደ ገደሉ ዘንበል አድርገው አዳመጡ። «ምንም አልሆነ» አሉ፤ «ቆላ የቃኙትን ደጋ ያስለዋል።»