የጋሽ ባንቲደሩ አመፀኛ ሕዝብ

አንድ ቀን ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ፣ በሙሄ የኮምፒውተር ሱቅ ውስጥ የአንድ ደሴት ሕዝብ በሙሉ ሆ ብሎ በጋሽ ባንቲደሩ ላይ ተነሳባቸው። በዚያ ሳምንት ያመፀባቸው አራተኛው ሕዝብ መሆኑ ነው።

ሙሄ ኮምፒውተርና ስልክ ይጠግናል፣ ጌም ይጭናል። ከጌሞቹ ሁሉ የሚወደው ሰው ቁጭ ብሎ አገር የሚያስተዳድርባቸውን ነው። ከተማ ይቆረቆራል፣ መንገድ ይሠራል፣ ግብር ይሰበሰባል። ሕዝቡ ከተመቸው ይበዛል፤ ካልተመቸው ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል፣ ከባሰበትም ዱላውን ይዞ ቤተ መንግሥት በር ላይ ይቆማል። ታዲያ ሰው አይቶ ይግዛ ብሎ በሩ አጠገብ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ወንበር አስቀመጠና «መሞከር በነፃ ነው» የሚል ወረቀት ለጠፈ። ያቺን ወረቀት የለጠፈበትን ቀን እስከ ዛሬ ይረግማታል።

ጋሽ ባንቲደሩ ጡረታ የወጡ የመጋዘን ኃላፊ ናቸው። የማያውቁት ነገር የለም። ሐኪሙን ስለ መድኃኒት፣ ሾፌሩን ስለ ማርሽ፣ ቄሱን ስለ ቅዳሴ ያስተምራሉ። ሰኞ ጠዋት ወረቀቷን አነበቡና ገቡ።

«እስቲ ልሞክረው። ደስ ካለኝ እወስደዋለሁ» ብለው ወንበሯ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የሚያነሳቸው ጠፋ።

መጀመሪያ የሞከሩት ከተማ የሚቆረቆርበትን ነው። ከውሃው በፊት ቢሮ፣ ከቢሮው በፊት አጥር ሠሩ። ሕዝቡ ውሃ ሲጠማው ጊዜ አምፆ ጥሏቸው ሄደ። «ይሄ ጌም ተበላሽቷል» አሉና ሌላ አስጫኑ። በሁለተኛው የጥንት ንጉሥ ሆኑ፤ ገበሬው ገና ሳያርስ የአዝመራውን ግብር አምጣ አሉት። ሦስተኛውን ሙሄ ራሱ ለማስታወስ አይፈልግም። ብቻ ሳምንቱን እንዲህ ከረሙ፦ ሙሄ ጌም ይጭናል፣ እሳቸው ግብር ይጭናሉ፣ ሕዝብ ያምፃል። ጌም ሊያይ የመጣ ሁሉ ከኋላቸው ትንሽ ቆሞ፣ ሰዓቱን አይቶ ይሄዳል። ሙሄ ደግሞ «ይነሱልኝ» እንዳይላቸው የአባቱ የልብ ጓደኛ ናቸው፤ በልጅነቱ አዝለውታል።

የደሴቱ ነገር የመጣው ዓርብ፣ በአራተኛው ጌም ነው። በደሴቱ የሚኖሩት ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ጋሽ ባንቲደሩ ዓሣ ላጠመደው ግብር፣ ላላጠመደው ደግሞ ሥራ ፈት ብለው ቅጣት አወጁበት።

ይሄኔ ሰዓዳ ገባች። የጂኦግራፊ መምህርት ናት፤ ለተማሪዎቿ ክበብ ከተማ የሚቆረቆርበት ጌም ፈልጋ፣ በሁለት ክፍለ ጊዜ መሀል ሮጣ ነው የመጣችው። ቦርሳዋ ተከፍቷል፣ ገንዘቡን በእጇ ይዛለች። ሙሄ ከጠረጴዛው ጀርባ ብድግ አለ። በሳምንት ውስጥ እውነተኛ ገዢ ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

«አንዴ አይቼው ብወስደው ደስ ይለኛል። ከባድ ከሆነ ልጆቹ ይሰለቻሉ» አለችው።

«ጋሽ ባንቲደሩ፣ እስቲ መምህርት ለአፍታ ትየው...»

«ቆይ እንጂ! አገር ጥዬ ልነሳ እንዴ?»

ሰዓዳ በትከሻቸው በኩል አየች። ደሴቱ ላይ ትናንሽ ሰዎች ከየቤቱ እየወጡ ወደ ቤተ መንግሥቱ ይጎርፋሉ።

«ግብሩን ትንሽ ቢቀንሱላቸውስ?» አለች በትህትና።

«አይ የኔ ልጅ፣ አንቺ ሕዝብ አታውቂም። አንዴ ከቀነስሽለት ይለምዳል» አሉና ጨመሩበት።

ቤተ መንግሥቱ ወዲያው በእሳት ተያያዘ። አሽከሩ ሸሸ፣ ዘቡም ከሕዝቡ ጋር ተቀላቀለ፤ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ጥግ ላይ ስልኩን ሊያስጠግን የመጣ አንድ የባጃጅ ሾፌር ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ጋሽ ባንቲደሩ ማውዙን አንስተው ጠረጴዛው ላይ ጧ አደረጉት።

«ሙሄ! ና እስቲ እዚህ! እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ያዘዝኩ ሰው ነኝ። አንድ ሰው ቀና ብሎ አይቶኝ ያውቃል? ጥፋቱ የኔ ነው ልትል ነው?»

«ኧረ ወላሂ አልወጣኝም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የሕዝቡ ነው! አራት ጌም ሰጠኸኝ፣ አራቱም ውስጥ የከተትከው አመፀኛ ነው። ይሄን ሕዝብ ለውጥልኝ! የሚታዘዝ፣ ጨዋ ሕዝብ አምጣልኝ። ያኔ ማስተዳደር ምን እንደሆነ ታያላችሁ። ነጋዴ አይደለህ? የተበላሸ ዕቃ መለወጥ ግዴታህ ነው።»

ሰዓዳ ሰዓቷን አየች። ገንዘቡን ወደ ቦርሳዋ መለሰች፣ ዚፑን ዘጋች፣ ወደ በሩ ዞረች። ሙሄ የዚፑን ድምፅ ሰማ። ዝም ካለ ይህችም ሄደች፤ ከተናገረ የአባቱን ጓደኛ አዋረደ። ከጠረጴዛው ጀርባ ወጣ። ጋሽ ባንቲደሩ ፊት ቆሞ፣ አባቱ እንዳስተማረው ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «እኛ ሱቅ ሕዝብ አይለወጥም። የሚለወጠው ገዢው ነው።»

ከዚያም በሁለት እጁ ወደ ሰዓዳ አመለከተ፦

«አዲሷ ገዢ ደግሞ ይኸው መጥታለች።»

የባጃጁ ሾፌር አሁን ሳሉም አላዳነውም፤ ግድግዳውን ተደግፎ ተንከተከተ። ጋሽ ባንቲደሩ ሙሄን አዩት፣ ሰዓዳን አዩዋት፣ ቦርሳዋንም አዩት። ከንፈራቸውን ነክሰው ሊቆጡ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም፣ ሳቁ ቀደማቸው።

«አይ አንተ የአባትህ ልጅ!» አሉና ባርኔጣቸውን አንስተው፣ ወንበሯን በክብር ወደ ሰዓዳ አዙረው ብድግ አሉ። ያለ አመፅ ሥልጣን ሲለቁ የመጀመሪያቸው ነበር።