የሰረዝኳቸው አሥራ አንድ ቁጥሮች

ስድስት ዓመት ሙሉ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር አለ። «አንዲት መሐንዲስ ነበረች» ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ አፍሬ ነው እንጂ መሐንዲሷ እኔ ነኝ።

አንድ ሆስፒታል የልብ ሕሙማን ደረታቸው ላይ የሚያስሩት ትንሽ ማሰራጫ ሊያስገባ ፈለገ። የታማሚው ልብ ሲዛባ መሣሪያው ያለ ሽቦ ነርሶቹን ይጠራል። የእኔ ሥራ ሰው ሲንቀሳቀስ ሞገዱ ኮሪደሩ ላይ ወደተሰቀለው መቀበያ ሳይቋረጥ መድረሱን መለካት ነበር። ማሰራጫውን ደረታቸው ላይ አስረው ኮሪደሩን ሲመላለሱ የዋሉልኝ ጋሽ ድንበሩ የሚባሉ የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው።

አሥራ አንድ ጊዜ ምልክቱ ድንገት ጠፋ።

«ልጄ፣ ለመቀበያው ጀርባዬን ስሰጠው እኮ ነው የሚጠፋው» አሉኝ። «ኩርፊያ ይወዳል መሰለኝ።»

«የመሣሪያ ስህተት ነው ጋሼ፤ እርስዎ ዝም ብለው ይራመዱ።»

ልክ ነበሩ። እንዲህ ያለ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ሞገድ የሰው ገላ ይጋርደዋል። ይህንንም ተምሬዋለሁ። ግን ሪፖርቱ በማግስቱ ይፈለግ ነበር፤ የግራፉ መስመርም እንዲያምርልኝ ጓጓሁ። ምልክቱ የጠፋባቸውን አሥራ አንዱን ቁጥሮች ከሪፖርቱ ሰረዝኳቸው። ተጨበጨበልኝ። በእጄ የመዘገብኩበት ደብተር መሳቢያዬ ውስጥ ቀረ።

ዘንድሮ ጋሽ ድንበሩ ራሳቸው ልባቸውን ታመው፣ ያንኑ ማሰራጫ ደረታቸው ላይ አስረው እዚያው ተኙ። ብርቱካን ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ። በነርሶቹ ክፍል ሳልፍ የጋሽ ድንበሩ ስም የተጻፈበት ስክሪን ባዶ ነው።

«ሲስተር፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«አትደንግጪ እህቴ፣ የመሣሪያ ስህተት ነው። ሲገላበጡ ይጠፋል፣ ሲመለሱ ይመጣል። ለምደነዋል።»

የራሴ ቃል ነበር። ብርቱካኑን ጥዬ ሮጥኩ። ጋሽ ድንበሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ እጃቸው በረዶ ሆኗል። ጮህኩ። ሐኪሞቹ ደረታቸውን እየተጫኑ በስንት መከራ መለሷቸው።

ዓይናቸውን ሲገልጡ አዩኝና «ዛሬም ጀርባዬን ሰጠሁት መሰለኝ» አሉ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ያኔ ቁጥር የሰረዝኩ መስሎኝ ነበር። የሰረዝኩት ጋሽ ድንበሩን ነው። አላምር ያለንን ሁሉ ስህተት ብለን ስናወጣ፣ እዚያ ውስጥ የቆመ ሰው እንዳለ እንረሳለን። እናንተስ ሥራችሁ እንዲያምር ብላችሁ ማንን ሰርዛችኋል?

በማግስቱ ጠዋት ደብተሩን ይዤ የሆስፒታሉ ዳይሬክተር በር ላይ ቆምኩ። ጸሐፊዋ «ጉዳይሽ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«አሥራ አንድ ቁጥሮች ልመልስ ነው» አልኳትና ገባሁ።