የእንግዳሸት ድንጋይ

ዱሮ ነው፤ የአያቶቻችን አያቶች ገና ሳይወለዱ። ሽንብሪት የምትባል የወንዝ ዳር መንደር ነበረች። ቤቶቹ ከወንዙ ወዲህ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከወንዙ ወዲያ። በዚያች መንደር እንግዳሸት የሚባል ከሚስቱ በቀር ዘመድ የሌለው ድሃ ገበሬ ነበር።

እንግዳሸት ሰው ገደለ። የገደለው ጎረቤቱን ማሩን ነው። በእርሻ ድንበር ተጣሉ። እንግዳሸት የድንበሩን ድንጋይ ነቅሎ መታው። ማሩ እዚያው ቀረ። እንግዳሸት ጫካ ገባ።

ከጊዜ በኋላ ሽማግሌዎች ለእርቅ ጠሩት። በአገሩ ልማድ ገዳይ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ በሟች ወገን ፊት ይወድቃል። እንግዳሸት ሌላ ድንጋይ አልፈለገም። ያንኑ የድንበሩን ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ በማሩ እናት በእመት ዝማም እግር ሥር ወደቀ። እመት ዝማም ድንጋዩን አወቁት። ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዳሰሱት።

"ለእግዚአብሔር ብዬ ትቼልሃለሁ። አውርድ" አሉት በመጨረሻ።

አወረደ። ሰው ሲበተን ግን ተመልሶ አነሣው። እርሻ ሲሄድ ተሸከመው። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ተሸከመው። ጠላ የሚጠጡት ሲያዩት፣ "እንግዳሸት፣ ድንጋይህ ጾመኛ ነው ወይስ እናጉርሰው?" ይሉት ነበር። እሱ ያልፋቸዋል። በልቡ ግን፣ "እሳቸው ተዉልኝ፤ ማሩ መቼ ተወልኝ" ይል ነበር። ያለፈው እንዲህ ያዘው።

የሚመጣውም ያዘው። ማሩ ደምለው የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው። በእርቁ ቀን አልነበረም፤ ቆላ ወርዶ ነበር። "ደምለው ጠመንጃ ገዝቷል" የሚል ወሬ መጣ። እንግዳሸት ማረሱን ተወ። "ብዘራ ማን ሊያጭደው?" አለ። ጣራው አፈሰሰ፤ አልከደነውም። ሚስቱ ታገሠች፣ ታገሠች፣ ከዚያ "ሳይገድሉህ ሞተሃል። እኔ ሬሳ አልጠብቅም" ብላው ወደ አባቷ አገር ሄደች።

የንስሐ አባቱ መምሬ ተድላ መጡ። የቀዘቀዘውን ምድጃ አዩ።

"የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ ትላለህ?" አሉት።

"እላለሁ፣ አባቴ።"

"ሊሰጥህ ሲመጣ ታዲያ የት ያገኝሃል? ግማሽህ ማሩ መቃብር ላይ ነህ። ግማሽህ ደምለው በሚመጣበት መንገድ ላይ ነህ። ያለፈውን እግዚአብሔር ይቅር ብሎሃል። የሚመጣውን እሱ ያውቃል። ዛሬን ማን ይኑርልህ?"



ክረምት ገባ። ወንዙ ሞላ፤ ከመሻገሪያው ድንጋዮች የመካከለኛውን ወሰደው። የማሩ ሙት ዓመት ነበር። እመት ዝማም የመገበሪያውን ስንዴ ይዘው ወንዙ ዳር ቆመዋል። እንግዳሸት ድንጋዩን ተሸክሞ ደረሰ። እሳቸውን ሲያይ ሊመለስ ዞረ።

"ወዴት ነው? ና ወዲህ" አሉት። "ያን ድንጋይ ለማን ነው የምታዝለው?"

"ለማሩ ነው፣ እሜቴ።"

"ማሩ ድንጋይ ምን ያደርግለታል? እኔ ግን ዛሬ መሻገር አለብኝ። አስቀምጠውና ልለፍበት።"

ውሃው ውስጥ ገባ። ድንጋዩን ከጎደለው ቦታ አስቀመጠው። እጁን ዘረጋ። እመት ዝማም ልጃቸው የሞተበትን ድንጋይ ረገጡ። ልጃቸውን የገደለውን እጅ ያዙ። ተሻገሩ። 

ከዚያ ወዲያ እንግዳሸት ጣራውን ከደነ። መሬቱን አረሰ። ዝናብ ሲበረታ መሻገሪያው ላይ ቆሞ ሰው ያሻግር ጀመር። ሚስቱ አልተመለሰችም። የአንገቱም ጠባሳ አልጠፋም።

አንድ እሑድ ደምለው መጣ። እንግዳሸት ወንዙ መካከል ቆሞ ነበር። ጠመንጃውን አየ።

"ታውቀኛለህ?" አለው ደምለው።

"አውቅሃለሁ።"

"ታዲያ ለምን አትሸሽም?"

"እናትህ ከቅዳሴ ወጥተው ማዶ ቆመዋል። ላሻግራቸው።"

ደምለው ጠበቀ። እንግዳሸት እመት ዝማምን አሻገረ። እመት ዝማም ልጃቸውን አዩ፤ ጠመንጃውን አዩ።

"እኔ ትቼዋለሁ እኮ፣ ልጄ" አሉ።

"እኔ አልተውኩም" አለ ደምለው። ተኮሰ። እንግዳሸትን ወንዙ ወሰደው።

ደምለውም በተራው ጫካ ገባ። በተራው ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ቅጥሩ መጣ። ሽማግሌዎቹ፣ "የሟች ወገን ማነው?" ብለው ጠየቁ። ማንም አልተነሣም። ደምለው እንደተደፋ ቆየ።

እመት ዝማም ተነሡ።

"እኔ ነኝ" አሉ።

ሄደው በልጃቸው ፊት ቆሙ። "ትቼልሃለሁ። ግን እዚህ አታወርድም" አሉት። ወደ ወንዙ ነዱት። ድንጋዩን ከእንግዳሸት ድንጋይ አጠገብ አስቀመጠው። እመት ዝማም ረግጠውት አለፉ።

ከዚያ ዘመን ጀምሮ በሽንብሪት የእርቅ ድንጋይ ቅጥር ውስጥ አይወርድም፤ ወደ ቤትም አይመለስም። ገዳዩ ያንኑ ዕለት ወንዙ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ የሟች ወገን ረግጦት ይሻገራል። የትኛው ድንጋይ የማን እንደሆነ አይጠየቅም።

መሻገሪያው ዛሬ ሰፊ ነው። በቅሎ ከነጭነቷ ታልፍበታለች።