የቀኛዝማች ቁራኛ

አንድ የዶሮ ሌባ የሰው አጥር ሲዘል ተይዞ ዳኛው ቀኛዝማች እንግዳሸት ፊት ቀረበ። «ርቦኝ ነው» ሊል አፉን ሲከፍት ቀኛዝማች አቋረጡት። የሌብነት መነሻው ምን እንደሆነ እሳቸው ካወቁ ቆይተዋል።

«ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች ይባላል። ሰውን የሚያበላሸው ጓደኛ ነው፤ የሚያቀናውም ጓደኛ ነው። ከአገሩ ሁሉ ቀጥተኛ የሆነውን ሰው ፈልጉና ከሱ ጋር አቆራኙት» ብለው ፈረዱ።

በችሎቱ የተቀመጡት ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ። ሌላ ሰው ቢጠሩ ቀኛዝማችን መስደብ ሆነባቸው። ስለዚህ የሌባው ቀኝ እጅ ከቀኛዝማች ግራ እጅ ጋር በሰንሰለት ታሰረ። ሳምንቱን ሙሉ አብረው በሉ፣ አብረው ተኙ፣ አብረው ችሎት ተቀመጡ።

በሰባተኛው ቀን ቀኛዝማች አገሩን ሰብስበው፣ «በል ከእኔ ምን ተማርክ? ምንም አልተማርኩም ካልክ አርባ ጅራፍ ትገረፋለህ፤ ተምሬያለሁ ካልክ ዳግመኛ ላትሰርቅ ትምላለህ» አሉት።

ሌባው ጎንበስ ብሎ እጅ ሲነሳ ሰንሰለቱ ጎትቷቸው ቀኛዝማችም ሳይወዱ አብረው ጎነበሱ።

«እምላለሁ ጌታዬ። ተረትዎ እውነት ነው፤ ተምሬያለሁ። እኔ ለአንዲት ዶሮ ብዬ አጥር ስዘል እሾህ ይወጋኝ፣ ውሻ ይነክሰኝ ነበር። እርስዎ ዘንድ ግን ባለጉዳዩ ራሱ እግሯን አስሮ ያመጣና፣ ‹እባክዎ ይቀበሉኝ› ብሎ ይለምናል። ከእንግዲህማ አጥር ምን ያዘልለኛል?»