ከጠረጴዛው ሥር የገባችው ልጅ

አንድ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ስሙ ይመር ይባላል። ከደሴ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደሴ ሲመላለስ የኖረ፣ ከገዛ ቤቱ ይልቅ መንገዱን አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ነው። ሲመጣ ልጆቹን ተኝተው ያገኛቸዋል፤ ሲሄድም እንደተኙ ጥሏቸው ይወጣል። "የምደክመው ለእነሱ ብዬ ነው" ይል ነበር፤ እውነቱን ነው።

ኮሮና የመጣ ጊዜ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ አውቶቡሶችም ቆሙ። ይመር የመኪናውን ቁልፍ ለባለንብረቱ አስረክቦ ቤቱ ገባ። ቤት ውስጥ ሚስቱ ዘሀራ፣ የሰባት ዓመቷ ልጁ ሂክማ፣ ገና ዳዴ የሚለው ትንሹ አንዋር ነበሩ።

ሂክማ መጀመሪያ ሰሞን ደስታዋን አልቻለችውም፤ አባቷ ቤት ዋለላታ! የአባትየው ልብ ግን እረፍት አልነበረውም። ገና ዓይኑን ሲገልጥ ሬዲዮኑን ይከፍትና ስንት ሰው እንደታመመ፣ ስንት እንደሞተ ሲያዳምጥ ይውላል። በመሃል ለሹፌር ጓደኞቹ እየደወለ "እገሌስ እንዴት ሆነ? ተረፈ?" ይላል። ልጅቷ ጠጋ ብላ "አባዬ፣ ማን ነው የሞተው?" ስትለው "ሂጂ ተጫወቺ፤ ይሄ የትልቅ ሰው ወሬ ነው" ብሎ ያባርራታል። ሬዲዮኑን ግን አይዘጋውም።

በግቢው ውስጥ እማማ አስካለች የሚባሉ ብቸኛ ጎረቤት ነበሩ። ሂክማን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል። እናቷ ሱቅ ስለምትውል ልጅቷ ከትምህርት ቤት የምትመለሰው እሳቸው ቤት ነበር፤ ምሳዋን ያበሏታል፣ ጸጉሯን ይጎነጉኑላታል፣ ተረት ይነግሯታል። በሽታው ሲመጣ ይመር ልጁን ጠርቶ ጣቱን እየነቀነቀ "እማማ ጋ እንዳትሄጂ! ትልቅ ሰው ናቸው። ሳታውቂው በሽታውን ይዘሽባቸው ትሄጂና ትገድያቸዋለሽ!" አላት። እንድትጠነቀቅ ብሎ ነበር። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ምን ያህል እንደሚከብድ አላሰበውም።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አምቡላንስ ግቢው በር ላይ ቆመ። ከላይ እስከ ታች በነጭ የተሸፈኑ ሰዎች ገብተው እማማ አስካለችን ደግፈው ወሰዷቸው። ሂክማ በመስኮት ታይ ነበር።

"እማማን የት ወሰዷቸው?" አለች።

ባልና ሚስት ተያዩ። "የትም አልወሰዷቸውም፤ ወልድያ ዘመድ ጥየቃ ሄደው ነው" አላት አባቷ።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችውና ሌላ ነገር ሳትጠይቅ ዞር አለች። ይመርም ያመነችው መስሎት እፎይ አለ።

ከማግስቱ ጀምሮ ግን ሂክማ ሌላ ልጅ ሆነች። ትንሹ አንዋር እየዳኸ ሲመጣባት ጮኻ ትሸሻለች። እናቷ ልታቅፋት እጇን ስትዘረጋ ታመልጣታለች። እጇን ደጋግማ ከመታጠቧ የተነሣ ቆዳዋ ተሰነጣጠቀ። ከተወችው ብዙ ጊዜ የሆናት ልጅ አልጋዋን ማርጠብ ጀመረች። ምግብ ሲቀርብ ድርሻዋን ይዛ ጠረጴዛው ሥር ትገባለች፤ የጠረጴዛው ልብስ እስከ መሬት ስለሚወርድ እዚያ ውስጥ ማንም አያያትም። ከጊዜ በኋላ ቀኑን ሙሉ እዚያው መዋል አመጣች።

ይመር መጀመሪያ ጨዋታ መሰለው፤ ቆይቶ ግን እልህ ነው ብሎ ደመደመ። አንድ ቀን ጠዋት "ውጪ ነው የምልሽ!" ብሎ ጮኸባት። መልስ ሲያጣ እጁን ወደ ቀበቶው ሰደደ። ዘሀራ ሮጣ መሃል ገባች።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"አታዪያትም እንዴ? ጠግባለች! እኔ እነሱን ለማትረፍ ቁም ስቅሌን አያለሁ፣ እሷ እዚህ ትጫወትብኛለች!"

ዘሀራ ክንዱን ይዛ ወደ በረንዳው አወጣችው። ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ይመር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጣርማ በር ዳገት ላይ፣ ጉም ውስጥ መኪና ሲበላሽብህ ተሳፋሪውን ምን ትለዋለህ?" አለችው።

"አሁን የመኪና ወሬ ምን አመጣው?"

"ግድ የለህም፣ መልስልኝ።"

"ምን እላለሁ! ዞር እልና ያለውን ነገር እነግራቸዋለሁ። ይሄ ተበላሽቷል፣ ይሄን እየሠራን ነው፣ እናንተ ተረጋግታችሁ ተቀመጡ እላለሁ።"

"ዝም ብትላቸውስ?"

"ዝም ካልኳቸውማ ገደል ልንገባ ነው ብለው በመስኮት ይዘሉብኛል። ሰው እኮ ካልነገሩት የሚያስበው የባሰውን ነው።"

"ልጅህስ ሰው አይደለችም?" አለችው።

 ይመር ተመልሶ ወደ ቤት ገባ። ሬዲዮኑን ዘጋው። ከዚያ ያን ትልቅ ሰውነቱን አጣጥፎ ጠረጴዛው ሥር ገባ።

ሂክማ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። "አባዬ፣ አትጠጋኝ!"

"እሺ፣ አልጠጋሽም። እዚሁ ጥግ ልቀመጥ?"

ልጅቷ ውጣ አላለችውም። ብዙ ቆዩ። አንገቱን ማቅናት አልቻለም፤ ጉልበቱም ደንዝዟል። ቢሆንም ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ቀስ ብሎ፣ "ሂክማዬ፣ እኔ እኮ ፈርቻለሁ" አላት።

ልጅቷ ዓይኗን አፈጠጠች። "አንተ?"

"አዎ፣ እኔ። የምጮኸውም ፍርሃቱ ሲበረታብኝ ነው። አንቺስ?"

 ስትናገር ድምጿ የማይሰማ ያህል ነበር።

"እማማን የገደልኳቸው እኔ ነኝ።"

"ምን?"

"አትሂጂ ስትለኝ ተደብቄ ሄድኩ። ናፍቀውኝ ነበር። ሳሙኝ፣ ዳቦም ሰጡኝ። ከዚያ አምቡላንሱ መጣ።" ጉልበቷን ወደ ደረቷ ሳበች። "አሁን እማዬንም አንዋርንም እንዳልገድላቸው ነው እዚህ የሆንኩት። አንተም ውጣ አባዬ፤ ትሞትብኛለህ።"

 ይመር ጥጋብ ያለው ነገር ይሄ ነበር። ይህች ትንሽ ልጅ ከሁሉም የሸሸችው ልታተርፋቸው ብላ ነው። ሊመታት ቀበቶውን በነካበት ሰዓት እንኳ እሷ የምታስበው እሱን ከሞት ስለማዳን ነበር።

"ስሚኝ ልጄ" አላት እንባውን እየዋጠ። "ዋሽቼሻለሁ። እማማ ወልድያ አልሄዱም፤ ታመው ሕክምና ላይ ናቸው። ግን አልሞቱም። እሳቸውን ያሳመምሻቸውም አንቺ አይደለሽም። ያን ክፉ ቃል ልናገርሽ አይገባም ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"በምን አወቅክ?"

ይመር ይህን ሲመልስ ሌላ ውሸት እንዳይጨምር ፈራ። "ለምን ራሳቸውን አንጠይቃቸውም?" አላት።

እዚያው እንደተቀመጠ እማማ ስልክ ላይ ደወለ። አንዲት ነርስ አንሥታ ስልኩን ለእማማ አስካለች አቀበለቻቸው። ይመር ነገሩን በአጭሩ ነገራቸውና የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ መሃል መሬት ላይ አስቀመጠው። የእማማ ድምፅ ደክሟል፤ በየቃሉ መሃል ትንፋሽ ይወስዳሉ።

"ሂክማ፣ የእኔ አበባ! አንቺ የመጣሽ ዕለት እኮ እኔን አስቀድሞ ሲያተኩሰኝ ሰንብቷል። ለቅሶ ደርሼ ከመጣሁ ጀምሮ ነው ያመመኝ። ይልቅስ ያን ቀን ልስምሽ የማይገባኝ እኔ ነበርኩ፤ ናፍቆትሽ አሸነፈኝ። ይቅር በይኝ። ለመሆኑ አንቺ ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ።"

"እናትሽስ? አንዋርስ?"

"ሁሉም ደህና ናቸው።"

"ተመስገን። በይ እናትሽን እቀፊልኝ።"

ሂክማ ከጠረጴዛው ሥር ወጥታ እናቷ ጉያ ገባች። ሁሉም ነገር በአንድ ቀን አልተስተካከለም። አልጋዋ አሁንም አልፎ አልፎ ይረጥብ ነበር፤ አምቡላንስ ሲጮህም ትደነብር ነበር። ቤቱ ግን ተለወጠ። ሬዲዮው የሚከፈተው ለማታ ዜና ብቻ ሆነ። ስትጠይቅ አባቷ በሚገባት ቋንቋ ይነግራታል፤ የማያውቀውን "አላውቅም፣ አብረን እንጠይቃለን" ይላታል። ከሰዓት ሲሆን ወንበሮችን ከኋላና ከፊት ይደረድራሉ። ሂክማ ሹፌር ትሆናለች፣ አባቷ ረዳት፣ አንዋር ደግሞ ትኬት ሳይቆርጥ የገባ ተሳፋሪ። ይመር ልጁ ስትስቅ ስንት ዓይነት ሳቅ እንዳላት ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ቀን ከሆስፒታል ስልክ ተደወለ። እማማ አስካለች አርፈዋል።

ይመር ግቢው ውስጥ ቆሞ ብዙ አለቀሰ። "ድነው ዘመድ ጋ ሄደዋል" የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ልጅቷ ገና ማገገሟ ነው፤ እንዴት ይንገራት? መልሶ ግን ጠረጴዛው ሥር ያየውን ፊት አስታወሰ። ገብቶ ምንጣፉ ላይ ከጎኗ ተቀመጠ።

"ሂክማዬ፣ የሚያሳዝን ነገር ልነግርሽ ነው። እማማ አስካለች ሞተዋል። ሐኪሞቹ ብዙ ለፉ፤ በሽታው ግን በረታባቸው።"

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። "በእኔ አይደለም አይደል?"

"በአንቺ አይደለም። ራሳቸው ነግረውሻል።"

ያን ጊዜ ራሷ መጥታ ጭኑ ላይ ወጣችና አንገቱን አንቃ እስኪወጣላት ድረስ አለቀሰች። እሱም እንባውን አልደበቃትም። አንዋር እየዳኸ መጥቶ ልብሷን ሲጎትት እያለቀሰች ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ አቀፈችው።

ወዳጆቼ፣ ልጅ ዝም ሲል የተረዳ፣ ሲያስቸግር ደግሞ የጠገበ ይመስለናል። ያልነገርነውን ነገር ግን ልጅ በራሱ ሐሳብ ይሞላዋል፤ በሐሳቡም ውስጥ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ የሚያደርገው ራሱን ነው። በር ዘግተን ልጆቻችንን ከበሽታ ልንጠብቅ እንችል ይሆናል፤ ውስጣቸው የገባውን ፍርሃት የምናስወጣው ግን አጠገባቸው ዝቅ ብለን ስንቀመጥ፣ እውነቱን በርኅራኄ ስንነግራቸውና እነሱንም ስንሰማ ነው። ያ ክፉ ጊዜ አለፈ፤ በየቤታችን ግን ዛሬም ዝም ያሉ ልጆች አሉ።

እርስዎስ ልጅዎን "ምን አስፈራህ? ምን አስፈራሽ?" ብለው ጠይቀው መልሱን እስከ መጨረሻው የሰሙት መቼ ነበር?